ጉንፋኑ ለቀቀ፣ ምስጋናውን ካፕሱሉ ወሰደ

ኅዳር ላይ የደሴ ብርድ አይጣል ነው። ነፋሱ ከጦሳ ሲወርድ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር የማያስል ሰው አይገኝም። ያኔ የፋርማሲዎች ገበያ ይደራል። አንዱ ጠጋ ይልና «እስኪ አሞክሳሲሊን ስጪኝ፣ ጉንፋን ጣለኝ» ይላል። «ስንት?» «አንድ ስትሪፕ ይበቃኛል።» 10 ፍሬ ካፕሱል በትንሽ ፌስታል ይሰጠዋል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ኮምቦልቻም ሆነ ወልድያ ብትሄዱ ያው ነው።

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ስህተት አለ። መድኃኒቱ አንቲባዮቲክ ነው፣ ጉንፋንን አያድንም። 10 ፍሬ ደግሞ በቀን ሦስቴ ለሚዋጥ መድኃኒት ሦስት ቀን ተኩል እንኳ አይሞላም። ማዘዣ የጠየቀም የለም። ግን ሰውየውን «አላዋቂ» ብሎ ማለፍ ነገሩን አያስረዳም። የገዛው ካየው ተነስቶ ነው። አምናም ወስዶ ተሽሎታል።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በላቦራቶሪ ከተረጋገጡ የባክቴሪያ ሕመሞች ውስጥ ከስድስቱ አንዱ መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ተገኝቷል። በአፍሪካ ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ነው። በየዓመቱ ከኅዳር 9 ገደማ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ስለዚሁ ጉዳይ በዓለም ዙሪያ ቅስቀሳ ይደረጋል። በሬዲዮም «አንቲባዮቲክን ያለ አግባብ አትጠቀሙ» ይባላል። አግባቡ ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። አድማጩም «እኔማ በአግባቡ ነው የምወስደው» ብሎ ያልፋል።

ምኑን ነው የሚገድለው?

አንቲባዮቲክ ማለት ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ፣ ግን ራሱን ችሎ የሚኖር ሕይወት ያለው ነገር ነው። የራሱ ግድግዳ አለው፣ ይመገባል፣ ይራባል። አሞክሳሲሊን የሚሠራው ይህን ግድግዳ እንዳይገነባ በማድረግ ነው። ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው ይፈነዳል።

ቫይረስ ግን ግድግዳ የለውም። እንዲያውም የራሱ የሆነ ነገር ብዙም የለውም። የእኛ ሴል ውስጥ ገብቶ በእኛው ዕቃ ነው የሚባዛው። ስለዚህ ግድግዳ የሚያፈርስ መድኃኒት ቫይረስ ላይ የሚያፈርሰው የለም። መጠኑ ቢጨመር፣ በመርፌ ቢሰጥ፣ ውዱ ቢገዛ ለውጥ የለውም።

ጉንፋን ቫይረስ ነው። ኢንፍሉዌንዛና ኮሮናም እንደዚሁ። ከንፈር ላይ ፊኛ ሆኖ የሚወጣውና «ምች መታኝ» የምንለው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። የሕፃናት ተቅማጥም በብዛት ከቫይረስ ነው፤ ልጁን የሚያድነው ኦአርኤስ ነው፣ ከሱ ጋር ደግሞ ዚንክ። ተቅማጡ ደም ካለው ነገሩ ይለያል፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

ታዲያ ስንውጠው ለምን ይሻለናል?

የአብዛኛው አለመግባባት መነሻ እዚህ ነው።

ጉንፋን የራሱ ጊዜ አለው። በመጀመሪያው ቀን ጉሮሮ ይከረክራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ራስ ይከብዳል። ከዚያ እየቀለለ ሄዶ በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን ይለቃል። ሳሉ ብቻ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ሰው መድኃኒት ለመግዛት የሚነሳው መቼ ነው? በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ያን ቀን ዳማከሴ ያሸታል፣ ፌጦ ይበላል፣ ዝንጅብል ያፈላል፣ «ይለቀኛል» ይላል። ፋርማሲ የሚሄደው ሲብስበት ነው፣ ማለትም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን። ያ ቀን ደግሞ ጉንፋኑ ጫፍ ደርሶ ቁልቁል ሊወርድ የተዘጋጀበት ቀን ነው። ካፕሱሉን ይውጣል። በማግስቱ ቀለል ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ሥራ ይገባል። ባይውጠውም ያው ነበር። እሱ ግን ባይውጥ ምን ይሆን እንደነበር የሚያይበት መንገድ የለውም። በዓይኑ ያየው «ዋጥኩ፣ ዳንኩ» የሚለውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወሬው ቡና ላይ ይደርሳል። አቦሉ ሳይወርድ «እኔን ያዳነኝ እሱ ነው» ይባላል፣ ጎረቤትም «ተርፎሽ ከሆነ እስኪ አካፍዪኝ» ትላለች። ከአሥሩ ፍሬ የተረፉት አራቱ ከመሳቢያ ወጥተው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። እነዚያ አራት ፍሬዎች እዚያም ያው «ውጤት» ያሳያሉ፣ ምክንያቱም ጎረቤቷም ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሐሰት የተናገረ የለም፣ ሁሉም ያዩትን ነው ያወሩት።

ዳማከሴውም በዚሁ ስሌት ምስጋና ያገኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ልዩነቱ ዳማከሴ ባይሠራም ለጎረቤት የሚተርፍ ጣጣ የለውም። ማር ደግሞ ሳልን እንደሚያበርድ በጥናት የተደገፈ ነገር ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ አይሰጥም።

እግረ መንገዴን ስለ አክታ ላንሳ። «አክታዬ ቢጫ ሆነ፣ ስለዚህ ኢንፌክሽን ነው» የሚለው በጣም የተለመደ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት ግን ለመከላከል የወጡት የራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። በተራ ጉንፋንም አክታ ቢጫ ይሆናል፣ አረንጓዴም ይሆናል። ቀለሙ ብቻውን የባክቴሪያ ምልክት አይደለም። «ደረቴ ላይ ሳይወርድ ቀድሜ ልውሰድ» የሚለውም አያስኬድም። በጤነኛ ሰው ላይ ጉንፋን ወደ ሳንባ ምች የሚቀየረው አልፎ አልፎ ነው። ቀድሞ መዋጥ ሆድ ከማበላሸት ያለፈ ፋይዳው እምብዛም ነው።

የለመደው ማን ነው?

ባለሙያዎች ችግሩን «ጀርሞች መድኃኒትን መላመድ» ይሉታል። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፣ ግን የሚሰማው ሰው ጆሮ ሲደርስ ይገለበጣል። «መላመድ» ሲባል ሰው የሚያስበው ቡና መልመድን ነው። «ሰውነቴ ለመደው፣ ስለዚህ ጠንከር ያለ ስጡኝ» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። «እኔ በዓመት አንዴ ነው የምወስደው፣ አለመድኩትም» የሚለውም እንደዚሁ።

የለመደው ባክቴሪያው ነው። የእኛ ሰውነት የሚለምደው ነገር የለም። ባክቴሪያውም ቢሆን አንድ በአንድ ተቀምጦ አይለማመድም። ነገሩን ገበሬ በደንብ ያውቀዋል። ጤፍ ማሳ ላይ ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ሲረጭ ቅጠለ ሰፊው አረም ይሞታል፣ ሣር መሰሉ ሙጃ ግን መድኃኒቱ ስለማይነካው ይቀራል። የሚሻማው ሲያጣ ቦታውን ይወርሰዋል። በየዓመቱ ያንኑ ብቻ ከረጩ ማሳው ሙጃ ይሆናል። በሰውነታችን ውስጥም እንዲሁ ነው። ጉሮሮአችንና አንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ ይኖራል፣ አብዛኛውም ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ይጠቅመናል። ከነሱ ውስጥ በዕድል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይኖራሉ። አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኬሚካል ይሠራል፣ አንዳንዱ የገባውን መልሶ ይተፋዋል። ለጉንፋን ብለን አሞክሳሲሊን ስንውጥ ቫይረሱ አይነካም። የሚሞቱት እነዚያ ምንም ያላደረጉን ናቸው፣ የሚቀሩት የሚቋቋሙት ናቸው። አንዳንድ ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ይባስ ብሎ መቋቋሚያውን ለሌላ ዘር ባክቴሪያ ማቀበል ይችላል።

ከዚያ በኋላ በእጅ፣ በውኃ፣ በመጸዳጃ ቤት ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ በሕይወቱ አንድ ካፕሱል ያልዋጠ አራስ ሕፃንም መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል። ሌሎች የዋጡትን እሱ ይከፍላል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል መድኃኒቱ ማንም ከሱቅ የሚገዛው የሆነ ቀን ሰዎች አነስ ባለ መጠን እየወሰዱ ጀርሙን መድኃኒት እንዲቋቋም ያደርጉታል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።

ዛሬ የት ደረስን? ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ስሙን ባይዘው እንኳ ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ሳይወጋ አይቀርም። በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት እንደሚለው ለሽንት ቧንቧና ለደም ኢንፌክሽን ዋና ተጠያቂ የሆኑት ኢ ኮላይና ክሌብሴላ የተባሉት ባክቴሪያዎች በአፍሪካ ይህን የመድኃኒት ዘር ከ70 በመቶ በላይ ተቋቁመው ተገኝተዋል። ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ናሙናው የሚመጣው ላቦራቶሪ ካላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራላቸው ካለ ሕሙማን ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ያለው ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ቢያንስም ግን የሚያስተኛ አይደለም።

ቶንሲል፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ

ወሎ ውስጥ አንቲባዮቲክ በብዛት የሚዋጥባቸው ሦስት ስሞች ቢጠሩ እነዚህ ናቸው። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ያሳስታሉ።

ቶንሲል ሲባል ጉሮሮ የታመመ ሁሉ ይገባበታል። ጉሮሮአቸውን ካመማቸው 10 ልጆች ውስጥ ባክቴሪያ የሚሆነው የሁለቱ ወይም የሦስቱ ነው፣ አዋቂ ላይ ከዚያም ያንሳል። ንፍጥና ሳል አብሮ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ሳል ሳይኖር ትኩሳት ከመጣ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየ፣ አንገት ሥር ያለው እጢ ካበጠና ሲነካ ካመመ ግን ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይኼኛው አይናቅም። በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የቁርጥማት ትኩሳት ያመጣል፣ እሱ ደግሞ የልብ በር ያበላሻል። በአገራችን ብዙ ወጣት የልብ ሕሙማን የዚህ ውጤት ናቸው። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ ይህን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠብቆ ልጁን ማስመርመር የሚያስቀረው ነገር የለም። ልባቸው ተጎድቶ በየወሩ መርፌ የሚወጉ ልጆች ደግሞ «መላመድ» የሚለውን ሰምተው እንዳያቋርጡ። ይህ የጉሮሮ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን ሊቋቋም አልቻለም። ለምን እንዳልቻለ ሳይንቲስቶችም ይገርማቸዋል።

ታይፎይድ ሌላ ታሪክ ነው። ትኩሳትና ድካም ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ 1:80 ወይም 1:160 የሚል ቁጥር አለ። ምርመራው ዊዳል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረ ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን አይደለም። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ አንቲቦዲ ማለት የመከላከያ ፕሮቲን ነው። ችግሩ አንቲቦዲው በሽታው ከዳነ በኋላም ይቆያል። ሌላ ሕመምም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ታይፎይድ ባለበት አካባቢ የሚኖር ጤነኛ ሰው ቢመረመርም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ትክክለኛው ማረጋገጫ የደም ካልቸር ነው፣ ማለትም ደሙን ላቦራቶሪ ውስጥ አቆይቶ ባክቴሪያው ሲበቅል ማየት። እሱ ቀናት ይፈጃል፣ መሣሪያ ይፈልጋል፣ በየወረዳው አይገኝም። ሐኪሙ ባለው ነገር ነው የሚሠራው። ስለዚህ በዓመት ሦስት ጊዜ «ታይፎይድ» የያዘው ሰው፣ ሦስት ጊዜም ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ የዋጠ ሰው፣ ምናልባት አንዴም ታይፎይድ አልነበረበትም። የእውነቱ ታይፎይድ ደግሞ ካልታከመ አንጀት ይበሳል። ስለዚህ «ታይፎይድ ውሸት ነው» ብሎ መደምደምም አይሆንም።

ጨጓራ ላይ አጭር ልሁን። የጨጓራ ባክቴሪያ ኤች ፓይሎሪ ይባላል። ሕክምናው ሁለት አንቲባዮቲክና አንድ የአሲድ መቀነሻ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ነው። እዚህም የደም ምርመራው አንቲቦዲ ነው የሚያየው። ታክሞ የዳነ ሰው ከዓመት በኋላ ቢመረመር አሁንም «አለብህ» ሊባል ይችላል። ከዚያ ሌላ 14 ቀን። መዳኑን ለማረጋገጥ የሚሻለው የሰገራ ምርመራ ነው፣ ያውም መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ።

ደረት ቆጥሮ ማወቅ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «አንቲባዮቲክ አትውሰዱ» የሚል ከመሰለ ተሳስቻለሁ። ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ በ1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ፣ ማለትም ቫይረስ ነበር። በዓለም ዙሪያ ከሞቱት ውስጥ ግን ብዙዎቹን የጨረሳቸው ቫይረሱ ካደከማቸው በኋላ ሳንባቸው ላይ የወጣው ባክቴሪያ እንደሆነ ይታመናል። ያኔ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

ዛሬ አለ፣ ሳንባ ምች የያዘውን ሕፃንም ያድናል። ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ደላንታ ወይም አምባሰል ውስጥ ጤና ኬላ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የምታደርገውን ማየት ይበቃል። ልጁ እንዳያለቅስ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ ልብሱን ከፍ ታደርጋለች። ሰዓቷን ይዛ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳንባ ምች ነው ብላ አሞክሳሲሊን ትሰጣለች። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው ሳትዘገይ ወደ ላይ ትልከዋለች። ያው አሞክሳሲሊን ነው። ደሴ ላይ ያለ ጥቅም የተዋጠው እዚህ ነፍስ ያድናል።

ጤነኛው ሕዝብ ለምን ይውጣል?

ብዙ ሰው የሚያነሳው ተገቢ ጥያቄ አለ። «ያለ በሽታ አትውጡ እያላችሁ፣ በየቀበሌው ሰልፍ አሰልፋችሁ ጤነኛውን ሁሉ አዚትሮማይሲን የምታስውጡት ምንድን ነው?» ይላል። እውነቱን ነው። አዚትሮማይሲንም አንቲባዮቲክ ነው፤ ለትራኮማ ይሰጣል። በቁመት መለኪያ እንጨት ልጁ ይለካል፣ በቁመቱ ልክ መድኃኒቱ ይሰጠዋል፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት።

ትራኮማ ባክቴሪያ ነው። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ሽፋን ወደ ውስጥ ይገለበጥና ፀጉሩ ዓይን እየፋቀ ያሳውራል። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ልጆች በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ስለሚቀባበሉት፣ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው እሳትን በግማሽ እንደማጥፋት ነው። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ አንድ ላይ፣ በዓመት አንዴ፣ በሙሉ መጠን ይወስዳል። ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት ካልታከለበት ግን ተመልሶ ይመጣል።

መላመድን አያመጣም ወይ? ያመጣል። በጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ከዓመት እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ሲሰጣቸው፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም የሳንባ ምች ባክቴሪያ በአፍንጫቸው የያዙ ልጆች በአንድ ዓመት ከ100 ወደ 4 ገደማ ከነበሩበት ወደ 47 ገደማ ወጥተዋል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ስርጭቱ ሲቆም ቁጥሩ እየወረደ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ስለዚህ ጥያቄው የጥቅምና ጉዳት ሚዛን ነው። በአንድ በኩል ዓይነ ስውርነት አለ። በሌላ በኩል ሊወርድ የሚችል መላመድ አለ። በእኔ ግምት ሚዛኑ ለትራኮማው ዘመቻ ያደላል፣ በየሦስት ወሩ ሳይሆን በዓመት አንዴ እስከሆነና እየተለካ እስከሄደ ድረስ። ጉንፋን ላይ ግን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥ ጥቅም የለም።

«ጨርሱ» ወይስ «ሲሻላችሁ አቁሙ»?

ለዓመታት የተነገረን «ቢሻላችሁም መድኃኒቱን ጨርሱ» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህን ተቃወሙ። ክርክራቸው ግልጽ ነው፦ አንቲባዮቲክ ረዘም ላለ ቀን ሲዋጥ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ለረዥም ቀን ይጋለጣሉ፣ መላመዱም ይብሳል፤ ለብዙ ሕመሞች ደግሞ አጭሩ ሕክምና ከረዥሙ እኩል ያድናል። ሌሎች ሐኪሞች መለሱላቸው። ሕመምተኛው «ሲሻልህ አቁም» ከተባለ በሁለተኛው ቀን ያቆማል፣ የተረፈውንም ያስቀምጣል አሉ።

ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። አሁን አሁን ብዙ የጤና ተቋማት «ጨርሱ» ማለቱን ቀነስ አድርገው «ባለሙያው እንዳዘዘው ውሰዱ» ማለት ጀምረዋል። ሐኪሙ አምስት ቀን ካለ አምስት ነው። ቲቢ ግን ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው፣ ከተቋረጠ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያመጣል፣ የሱ ሕክምና ደግሞ እጅግ ይከብዳል።

ጥፋቱ የማን ነው?

በሕጉ አንቲባዮቲክ በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ ነው። መቆጣጠሪያው ይጥበቅ፣ ያለ ወረቀት የሚሸጥ ፋርማሲ ይታሸግ የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ግን ከወገል ጤና ወይም ከመቅደላ አንድ ሰው ሐኪም ለማግኘት የሚሄደውን መንገድ አስቡት። የትራንስፖርት፣ የካርድና የላቦራቶሪ ወጪ አለ፣ የጠፋ የሥራ ቀን አለ። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ውስጥ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። በሩ ላይ ያለችው ፋርማሲ ብቻ የነበረችበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ሕጉን ብቻ ማጥበቅ፣ ሳንባ ምች የያዘውንም ልጅ ከመድኃኒቱ ሊለየው ይችላል።

ሌላው ወገን ጣቱን ወደ ሐኪም ይቀስራል። ትክክል ነው፣ በማዘዣ የሚወጣውም ሁሉ ተገቢ አይደለም። ምርመራ በሌለበት ሐኪም ለጥንቃቄ ያዛል። ሕመምተኛውም ባዶ እጁን ከወጣ «ምንም ሳያደርግልኝ» ብሎ ያማል፣ መርፌ ካልተወጋ ደግሞ የታከመ አይመስለውም። ከብቱስ? ኦክሲ የሚባለውን የቴትራሳይክሊን መርፌ ገበያ ላይ ገዝቶ ራሱ የሚወጋ ብዙ ነው። ከተወጋች በኋላ ወተቷና ሥጋዋ የማይበላበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

በእኔ እይታ ቁልፉ ያለው ፋርማሲው ባንኮኒ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። አንዳንድ አገሮች ሐኪሙ ማዘዣውን ጽፎ «ሦስት ቀን ጠብቅ፣ ካልተሻለህ ግዛ» ይላል። ብዙው ሰው ሳይገዛው ይሻለዋል። ይህ ዘዴ እኛ ዘንድ በፋርማሲስት በኩል ሊሠራ ይችላል። ባለሙያዋ ትጠይቃለች፦ ስንተኛ ቀንዎ ነው? ንፍጥና ሳል አለ? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ደረት ይወጋዎታል? ትኩሳቱ ከሦስት ቀን አልፏል? ለኋለኞቹ «አዎ» ካሉ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ካልሆነ «አብሽሩ ጋሼ፣ ጉንፋን ነው፣ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ፣ እስከ ሐሙስ ካልተሻለዎት ይመለሱ» ትላለች።

ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ምክር ግን የሚከፍላት የለም፣ የአንድ ስትሪፕ ሽያጭ ብቻ ነው የሚቀርባት። ጋሼም አመስግነው ይወጡና መንገዱን ይሻገራሉ። ማዶ ሌላ ፋርማሲ አለ።